ሽማግሌው ቆጣሪያችን

እማዬ ቆጣሪያችንን «ሽማግሌው» ነው የምትለው። በረንዳ ላይ፣ ከማድቤቱ በር ጎን፣ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ከመስታወቱ ጀርባ አንዲት ቀጭን የብረት ሳህን ትሽከረከራለች። ጠርዟ ላይ ቀይ ምልክት አላት። ልጅ ሆኜ ያቺ ቀይ ምልክት ዞራ እስክትመጣ ትንፋሼን እይዝ ነበር። ምጣድ ሲበራ ቶሎ ትመጣለች። ማታ አምፖል ብቻ ሲሆን ትንፋሼ ቀድሞ ያልቃል። አሁን ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ሽማግሌው ከእኔ ይበልጣል።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ክረምት ነው። ጅማ ላይ ዝናብ እንዴት እንደሚዘንብ ለጅማ ልጅ አይነገርም። አንድ ሌሊት ነፋሱ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ገንጥሎ ከፖሉ ወደ እኛ ቤት በሚመጣው ሽቦ ላይ ጣለው። በማግስቱ ሊጠግን የመጣው ሠራተኛ ሽቦውን ቀጠለ። ከዚያ ወደ በረንዳው መጥቶ ሽማግሌውን በባትሪ አየው። መስታወቱ ተሰንጥቋል።

«ይሄ ጡረታ ይውጣ እንጂ» አለ። «አመልክቱና ስማርቱን አስገቡ። ትገላገላላችሁ።»

እማዬ ቡና እየቀዳች ነበር። «ከምን ነው የምንገላገለው?» አለችው።

ሠራተኛው ሳቀ። እማዬ ግን እየቀለደች አልነበረም። ለዚያ ጥያቄ መልስ ለማግኘት እኔ ሦስት ወር ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የአንድ ቀን ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ ቡና ነጋዴዎች ዘንድ ደብተር እይዛለሁ። ቁጥር በግልጽ የሚያሳይ ነገር ሲመጣ እምቢ የሚል የሒሳብ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም። ደግሞም ቂም ነበረብኝ።

ቂሙ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እማዬ እህቴን ልታርስ አዲስ አበባ ሄዳ ወራት ቆየች። እኔ ሥራ እውላለሁ፣ ተከራዮቻችንም እንዲሁ። ግቢው ቀን ቀን ተቆልፎ ይውላል። ቆጣሪ አንባቢው ይመጣል፣ ያንኳኳል፣ ይሄዳል። ሦስት ወር ሒሳቡ በግምት መጣ። ግምቱ ትንሽ ስለነበር እኔም ዝም ብዬ ከፈልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። በአራተኛው ወር አንባቢው ገብቶ አነበበ። የሦስት ወሩ ጉድለት በሙሉ አራተኛው ወር ላይ ተጫነ።

ይህ ለምን እንደሚያምም ለማወቅ የታሪፉን አሠራር ማየት ነው። የመብራት ዋጋ በእርከን ነው። ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይወደዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የጀመረው ማሻሻያ በደረጃ ተጠናቆ ሲያልቅ፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለአንዱ 0.2730 ብር ይከፍል ነበር። ከ500 በላይ ለሚጠቀም አንዱ 2.4810 ብር ነበር። ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ ሌላ ጭማሪ መጥቷል፤ ይህኛው በየሦስት ወሩ ትንሽ ትንሽ እያለ የሚወጣ ነው። እንግዲህ የአራት ወር ፍጆታ በአንድ ወር ሲጻፍብህ ላይኛው እርከን ላይ ሰቅሎህ ያርፋል። ሄጄ ተከራከርኩ። «በሩ ተዘግቶ ነበር» አሉኝ። እውነት ነው፣ ተዘግቶ ነበር። በእውነት ተሸንፎ መመለስ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያበሳጭ የደረሰበት ያውቀዋል።

ስማርት ቆጣሪ ይህን ያስቀራል። ሰዎች ብዙ ጊዜ ከባለ ካርዱ ጋር ያምታቱታል። ባለ ካርዱ አስቀድመህ ብር የምትሞላበት ነው፤ ካርድህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ታስሞላለህ፣ መጥተህ ትሰካለህ። ስማርቱ ግን ይናገራል። በውስጡ እንደ ስልክ ሲም ካርድ ሊኖረው ይችላል፣ ወይም በራሱ በመብራት ሽቦው ላይ መልእክት ይልካል። ንባቡን ራሱ ያስተላልፋል። መብራት መቼ እንደሄደና መቼ እንደመጣ ይመዘግባል። ክዳኑ ቢከፈት ያሳብቃል። ከሩቅ ማጥፋትም ማብራትም ይቻላል። ክፍያው አስቀድሞም ሊሆን ይችላል፣ በወር መጨረሻም ሊሆን ይችላል። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር አስታውሷት፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሳበኝ ግን ቮልቴጁን መመዝገቡ ነው። እኛ ሰፈር ማታ ማታ መብራቱ ጉልበት የለውም። አምፖሉ ቢጫ ይሆናል፤ ፍሪጁ ያቃስታል። እማዬ እንጀራ የምትጋግረው ረፋድ ላይ ወይም ከሰዓት ነው፤ ማታ ምጣዱ «ይደነዝዛል» ትላለች። ልክ ናት። 220 መሆን ያለበት ቮልቴጅ 190 ላይ ሲወርድ የምጣዱ ኃይል በዚያው ልክ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፤ በካሬ ነው። ሩቡ ይሄዳል። ከሦስት ዓመት በፊት ፍሪጃችን ሲቃጠል ለጠጋኙ «መብራቱ ነው ያቃጠለው» አልኩት። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አለኝ። የተጻፈ ነገር ቢኖረኝ ብዬ ያን ቀን ተመኝቻለሁ።

ማመልከቻውን ጽፌ እማዬ ፊት አስቀመጥኩት። ባለቤቷ እሷ ናት፤ ፊርማው የእሷ ነው። አነበበችው። «ይሄ አዲሱ ብዙ ይቆጥራል ይባላል» አለች።

«ማን ይላል?»

«ሰው።»

ከሰው ጋር ክርክር አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ሽማግሌውን ልመርምረው አልኩ። አዲሱ ብዙ ይቆጥር እንደሆነ ለማወቅ፣ አሮጌው ስንት እንደሚቆጥር ማወቅ ይቀድማል።

የሽማግሌው ፊት ላይ ከቁጥሮቹ በታች በደቃቅ ጽሑፍ 600 ይላል። ሳህኗ 600 ጊዜ ስትዞር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሞላ ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ ተከራዮቹን አስፈቅጄ የሁሉንም ቤት መብራት አጠፋሁ። ምጣዱን ብቻ አበራሁ። ስልኬ ላይ ደቂቃ ይዤ ቀይ ምልክቷን ቆጠርኩ። በአንድ ደቂቃ 34 ጊዜ ዞረች። በሰዓት 2040 ማለት ነው። ለ600 ሲካፈል 3.4። ምጣዳችን 3.4 ኪሎዋት ነው። እማዬ ሰፌዱን እንደያዘች ቆማ ታየኛለች። «ተማርክ ተማርክና ምጣድ መቁጠር ጀመርክ» አለች።

ቀጥዬ ምጣዱን አጥፍቼ አንዲት 9 ዋት አምፖል ብቻ አበራሁ። በስሌቱ መሠረት ሳህኗ በአሥራ አንድ ደቂቃ አንድ ጊዜ መዞር ነበረባት። በርጩማ አምጥቼ ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነ። ሃያ ሆነ። ሳህኗ ንቅንቅ አላለችም። ስልክ ቻርጀር ጨመርኩ፤ ያው። ሁለተኛ አምፖል ሳበራ ነው እንደመንፏቀቅ ያለችው።

ሽማግሌው ተበላሽቶ አይደለም። የእነዚህ ቆጣሪዎች ተፈጥሮ ነው። ሳህኗ ከተቀመጠችበት ለመነሳት የሆነ ያህል ኃይል ያስፈልጋታል፤ ከዚያ በታች ያለውን አታየውም። ዕድሜ ሲጨመርበት ደግሞ ዘንጓ ይደርቃል፣ የበለጠ ትሰንፋለች። ኤሌክትሮኒኩ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም። ትንሿንም ይይዛል። እማዬ «ሰው» ያለችው ሰው እንግዲህ አልዋሸም። አዲስ ቆጣሪ የገባለት ቤት ሒሳቡ ሊጨምር ይችላል፤ አዲሱ ሌባ ስለሆነ ሳይሆን አሮጌው ይምር ስለነበር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ የሚያድር ቻርጀር፣ ቀይ መብራቱ የማይጠፋ ቴሌቪዥን፣ የበረንዳ አምፖል፤ ይህን ሁሉ ስንት ዓመት በነፃ በልተናል።

ነገሩን ሳነብ የሆላንዱንም ወሬ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ2017 የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘጠኝ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎችን ቤተ ሙከራ ውስጥ ፈትነው ነበር። አምስቱ ከእውነተኛው በላይ ቆጠሩ። የከፋው ልዩነት 582 በመቶ ደርሷል። ምክንያቱ ብርሃን መቀነሻ የተገጠመላቸው የኤልኢዲ አምፖሎችና መሰል ዕቃዎች የሚፈጥሩት የተቆራረጠ የኤሌክትሪክ ሞገድ ነበር። ሁለቱ ደግሞ ሠላሳ በመቶ ገደማ አሳንሰው ቆጠሩ። እኛ ቤት ብርሃን መቀነሻ የለም። የእኛን ብርሃን የሚቀንስልን ሌላ ነው። ቢሆንም አዲሱ ሲመጣ እሱንም በምጣድ እፈትነዋለሁ አልኩ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ደብተር ያዝኩ። አንድ ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ ሽማግሌውን አነበብኩ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ መልኩን የቀየረው።

ሁለት ተከራዮች አሉን። አንዷ ነርስ ናት፤ ማታ ተረኛ የምትሆንባቸው ቀናት አሉ። መብራት ለየብቻ ቆጣሪ የላቸውም። እንደ አብዛኛው የጅማ ግቢ፣ በወር የተቆረጠ ብር ይሰጡናል፤ እያንዳንዳቸው 250። ስምምነቱ ላይ ምድጃ የለም። ደብተሬ ላይ ግን አንዳንድ ሌሊት፣ እኛ ተኝተን፣ ሽማግሌው አንድ ሙሉ ኪሎዋት ሰዓት ቆጥሮ ያድራል። የትኞቹ ሌሊቶች እንደሆኑ ለማወቅ የተረኝነት ሰንጠረዥ ማየት አላስፈለገኝም። አንድ ሌሊት ሽንት ቤት ልሄድ ወጥቼ ሳህኗን አየኋት፤ ትሮጣለች። የነርሷ መስኮት ላይ እንፋሎት አለ።

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያዝኩሽ አልኩ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። በረንዳ ላይ በሌሊት ልብስ ቆሜ የሰው ውሃ ሲፈላ እየቆጠርኩ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ጆርጅ ሃርት የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤምአይቲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሠራ አንድ ነገር ደርሶበት ነበር። ቤት ውስጥ መግባት ሳያስፈልግ፣ ወደ ቤቱ የሚገባውን ኃይል ብቻ በማየት የትኛው ዕቃ መቼ እንደበራ ማወቅ ይቻላል። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ አሻራ አለው። ራሱ ሃርት ይህ ነገር ሰውን መሰለያ እንዳይሆን ቀድሞ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2009 የሆላንድ የላይኛው ምክር ቤት ስማርት ቆጣሪን በግዴታ ማስገባትን ያልተቀበለው በዚሁ ስጋት ነው። ይህን ሳነብ አውሮፓ ነው፣ የጥጋብ ነው ብዬ ነበር። የእኛ ሰፈር ሰው ቡና ሲወቀጥ ሰምቶ ማን ቤት እንግዳ እንዳለ የሚያውቅ ነው። ግን እኔስ ምን አደረግኩ? ሲም ካርድ አላስፈለገኝም። ሽማግሌው፣ ደብተርና የሌሊት ልብስ በቂ ነበሩ።

በወሩ መጨረሻ ሒሳቡን ዘጋሁት። 230 ኪሎዋት ሰዓት። ከዚህ ውስጥ ወደ 48 የሚሆነው የእኛ እንጀራ ነው። የእኛው ምድጃ 60 ገደማ፣ ፍሪጁ 30። የነርሷን ምድጃዋን፣ አምፖሏንና ስልኳን ሁሉ አንድ ላይ ብጨምር 17 ነው። ደግሜ ደመርኩት። 17። የወሩ ክፍያ ስምንት መቶ ብር ገደማ መጣ። ልጅቷ ከሒሳቡ ሲሶ ገደማውን እየከፈለች የተጠቀመችው አንድ አሥራ ሦስተኛ አይሞላም። ስሰልላት የከረምኩት እኛው ባለዕዳ ሆነን።

ለእማዬ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ንገራታ» አለች። ነገርኳት። ነርሷ ስለ ምድጃው ቀድማ ይቅርታ ጠየቀች፤ ከተረኝነት ስትመለስ የምትታጠብበት ውሃ እንደምታሞቅ ነገረችኝ። ከዚያ ደብተሩን አይታ ሳቀች። «ጋሼ፣ ስማርት የሚባለው ይግባ» አለችኝ። «እኔም የምከፍለውን ልወቅ።» ጋሼ መባሉ ከሒሳቡ ይልቅ አስደነገጠኝ።

አሁን አንድ ተቃውሞ ሰማሁ መሰለኝ። ፖሉ የበሰበሰ፣ ሽቦው ቅርንጫፍ በነካው ቁጥር የሚበጠስ ሰፈር ስማርት ቆጣሪ ምን ያደርግለታል? እኔም ብዬዋለሁ። ግልገል ጊቤ አንድ ጅማ ዞን ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ውሃው እዚያ ከሠራ በኋላ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አቋርጦ ጊቤ ሁለትን፣ 420 ሜጋዋቱን፣ ያንቀሳቅሳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ደግሞ ሕዳሴ ተመረቀ፤ 5150 ሜጋዋት። እኛ ግን ዝናብ ሲያጉረመርም አሁንም ሻማ እንፈልጋለን። ምክንያቱ ግድቡ አይደለም፤ ከትራንስፎርመሩ እስከ በረንዳዬ ያለችው የመጨረሻዋ ሽቦ ናት። ቆጣሪ ሽቦ አይቀጥልም። ግን የትኛው ሰፈር መቼ እንደጨለመ፣ የትኛው ትራንስፎርመር በእንጀራ ሰዓት እንደሚጨነቅ ለሚመለከተው ሰው ሊያሳይ ይችላል። ያየ ሁሉ ይጠግናል አልልም።

እማዬ ግን ስለ ግድብም፣ ስለ ሆላንድም፣ ስለ ሒሳቡም አልነበረም ሐሳቧ። ይህ የገባኝ የአክስቴ ልጅ ከአዳማ መጥቶ ሲያወራ ነው። እነሱ ቤት በቅድመ ክፍያ የሚሠራ ነው። አንድ እሑድ ማታ እንግዳ ተሰብስቦ እያለ ቆጣሪው ጮኸ፤ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። በስልክ ሊሞላ ሲል ኔትወርክ የለም። ሰዎቹ በስልክ መብራት እራት በሉ። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲያወራ እየሳቀ ነው። እማዬ አልሳቀችም።

«መብራት ሲሄድ እኮ የሁላችንም ነው የሚሄደው» አለች። «ብር ሲያልቅ ግን የእኛ ብቻ ይጠፋል።»

ዝም አልን። ቆየችና ቀጠለች። «አዴ ሊጥ ይዘው ሲመጡ ይሄ ነገር ፊታቸው ሊቆጥርባቸው ነው?»

አዴ ጎረቤታችን ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ መላው ሰፈር ግን አዴ ነው የሚላቸው። የእሳቸው ምጣድ ሽቦው ከተቃጠለ ዓመት አልፎታል። ሐሙስ ሐሙስ ከሂርማታ ገበያ መልስ ሊጣቸውን ይዘው ይመጣሉ። እማዬ የእሳቸውን ለመጋገር ታግዛቸዋለች፤ ቡና ይፈላል። አዴ ከገበያው ያመጡትን ወሬ ይዘረግፋሉ፤ ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ አማርኛ። ረመዳን ሲሆን ሰዓቱ ይቀየራል እንጂ ሐሙስ አይቀርም። ይህ ስንት ዓመት እንደሆነ የቆጠረ የለም። እኔ ግን መብራቱን ቆጥሬ ነበር። ደብተሬ ላይ አለ። በወር አራት ጊዜ፣ በአንዱ ስድስት ኪሎዋት ሰዓት፣ በድምሩ 24። «ጎ.» ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ጎረቤት ለማለት። እማዬ ደብተሩን ስታይ ያቺን ፊደል አይታ እንደሆነ አላውቅም። ጠይቄያትም አላውቅም።

ሽማግሌው በረንዳ ላይ፣ ከማድቤቱ በር ጎን ነው ብያችኋለሁ። አዴ የሚቀመጡት ከሥሩ ነው። ሳህኗ ትዞራለች፣ ማንም አያያትም። ሒሳቡ በወሩ መጨረሻ ሲመጣ የአዴ እንጀራ ከእኛ እንጀራ፣ ከእኛ ሽሮ፣ ከእኔ ሸሚዝ ካውያ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ማንም ሊለየው አይችልም። ቅድመ ክፍያ ቢሆን ግን ቁጥሩ እዚያው ይወርዳል። መቶ የነበረው ዘጠና አራት ይሆናል፤ አዴ ያዩታል። አዴ ካዩ ደግሞ በሚቀጥለው ሐሙስ ሃምሳ ብር በመሐረብ ጠቅልለው ይመጣሉ። እማዬ አትቀበልም። አዴ ይቀየማሉ። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ አይኖርም። እማዬ ይህን ሁሉ አልተናገረችም። «ፊታቸው ሊቆጥርባቸው ነው?» ብቻ ነው ያለችው።

እንግዲህ አስታውሷት ያልኳት ነገር መጣች። ስማርቱ የግድ በቅድመ ክፍያ መሆን የለበትም። ሄጄ ጠየቅኩ። በወር መጨረሻ የሚከፈልበት እንዲሆን ማመልከት እንደምንችል ነገሩኝ። ደግሞ አዲሱ ከውጭ፣ ከግቢው በር አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ ነው የሚገጠመው። በረንዳ ላይ አይደለም። ይህን ለእማዬ ስነግራት ብዕር ጠየቀችኝ።

ለመገጠም ሁለት ወር ፈጀ። ቀኑ ሲደርስ ሁለት ልጆች መጥተው በአንድ ሰዓት ጨረሱ። ሽማግሌውን ሲያወርዱት ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ንጹሕ ቀለም ቀረ፤ አባቴ ያስቀባው ሰማያዊ። ሙሉ ቤቱ እንዲህ እንደነበረ ረስቼው ነበር።

ቃሌን ጠብቄ አዲሱንም በምጣድ ፈተንኩት። ሳህን የለውም፤ በምትኩ የምትርገበገብ ትንሽ ቀይ መብራት አለችው። 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ምጣዱን ብቻ አብርቼ ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 91። አስሉት፤ 3.4 ይመጣል። ሽማግሌው በትልቁ ነገር ላይ አንድም ቀን አልተሳሳተም። የማያየው ትንሹን ብቻ ነበር። ለሁለቱ ተከራዮች የመብራቱን ብር ዝቅ አደረግንላቸው። የመጀመሪያው ወር ሒሳብ ከበፊቱ በአሥር ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ጨምሮ መጣ። ቻርጀር ነቅሎ መተኛት ጀምሬያለሁ። እማዬ አልጀመረችም።

ያልጠበቅነው የአዴ ነገር ነው። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ አንድ ሐሙስ ቀሩ። ሁለተኛው ሐሙስም ቀሩ። ሰፈሩ ሁሉ ስለ አዲሱ ቆጣሪ ያወራ ነበር፤ «ከሩቅ ያያል» ይባላል። እማዬ ሁለተኛው ሐሙስ ማታ ብዙ አላወራችም። በሦስተኛው ሐሙስ ጠዋት ሥራ ልሄድ ስወጣ ጠራችኝ።

«ስታልፍ አዴ ጋ ግባና ጎመን ዘር አልቆብኛል በላቸው። ምጣዱን የማሰስበት የለኝም። ካላቸው ይዘው ይምጡልኝ በላቸው።»

የጎመን ዘሩ ቆርቆሮ መደርደሪያው ላይ አለ። ከጀርባዋ ይታየኛል፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ምንም አላልኩም። ሄጄ እንደታዘዝኩት ተናገርኩ። አዴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «እንዴት ያልቅባታል?» ብለው ተቆጡ። «ሳይነግሩኝ!»

ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከባጃጅ ወርጄ ወደ በራችን መጣሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ቁልፌን እየፈለግኩ ቆጣሪውን አየሁት። ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ በየተራ ይለዋወጣሉ፤ ጠቅላላ ንባቡ፣ ቮልቴጁ፣ ከዚያ በዚያች ደቂቃ ቤቱ የሚወስደው ኃይል። 3.6 ይላል።

ምጣዱና ፍሪጁ።

ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ፈንዲሻ ልገዛ ወደ ሱቅ ተመለስኩ።